የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደንብ በአማርኛ፤ ስለ ስያሜና አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

በሥነ ጽሑፍ ትርጉም አንድ ቃል ቢሳሳት የሚጎዳው ድርሰቱ ነው፤ በደንብ ትርጉም አንድ ቃል ቢሳሳት ግን የሚጎዳው ደንቡን አምኖ የሄደው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ቃላት የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ይኸውም በአሜሪካ የሕዝብ ፓርኮች፣ ደኖችና መሄጃዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ስለ መሄድ የወጡ ደንቦች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያጋጥመውን የስያሜ ችግር እንመለከታለን።

ነገሩ ከአማርኛ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን ብዙ ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች ተርጉመው እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ከከተማው ማዶ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ በኩል የሚያልፈው፣ ርዝመቱም 18 ማይል ያህል የሆነው የሞንት ቨርነን መሄጃ የሚተዳደረው በፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። በአካባቢው የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የፌዴራል ፓርክ ደንብን መተላለፍ ደግሞ እስከ 6 ወር እስራት፣ ወይም የገንዘብ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል የሚችል ጥፋት ነው። እንግዲህ ተርጓሚው አንድን ቃል ከሌላው ሲያስበልጥ፣ አንባቢው በየትኛው መንገድ ገብቶ ከየትኛው እንደሚመለስ አብሮ እየወሰነ ነው።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። ስለ እንዲህ ያለ አዲስ ዕቃ ስንነጋገር ድካማችን ሁሉ በስሙ ላይ ያርፋል። ደንቡ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ግን ብስክሌቱን ምን እንደሚያንቀሳቅሰው፣ በምን ላይ እንደሚሄድና ማን እንደፈቀደ በሚገልጹት ቃላት አማካይነት ነው። ስለሆነም ስሙ ከነዚህ ቀድሞ ፍርድ መስጠት አይገባውም፤ እነዚህ ቃላትም ከስሙ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግላቸው አይገባም።

ሀ. የዕቃው ስም

ወደ ተርጓሚው ብዕር ቀድመው የሚመጡት ስያሜዎች ሦስት ናቸው፤ እነሱም «ኢ-ብስክሌት»፣ «ባለሞተር ብስክሌት» እና «የኤሌክትሪክ ብስክሌት» ናቸው።

የመጀመሪያው የእንግሊዝኛውን አጠራር የተከተለ ነው። እንግሊዝኛው «ኤሌክትሪክ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ወክሎ ከብስክሌት ጋር ያጣምረዋል። ይህ አሠራር እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ያልታሰበ ፍች ይፈጥራል። «ኢ-» በአማርኛ ቦታው የተያዘ ነውና። ከግዕዝ የወረስነው የአሉታ ምዕላድ ሲሆን፣ «ኢ-ሰብአዊ»፣ «ኢ-ፍትሐዊ»፣ «ኢ-መደበኛ» ስንል ሰብአዊ ያልሆነ፣ ፍትሐዊ ያልሆነ፣ መደበኛ ያልሆነ ማለታችን ነው። በዚሁ ሥርዐት «ኢ-ብስክሌት» የሚለው ቃል «ብስክሌት ያልሆነ» ተብሎ ይፈታል። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ዕቃው ብስክሌት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሕጉ ዋና ክርክር ነው፤ ስያሜው ግን ክርክሩን በአንዲት ፊደል ይዘጋዋል። ምዕላዱ በሌሎች ዘመናዊ ቃላት ላይ በዚሁ መንገድ እየገባ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከዚህ ዕቃም ያለፈ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛው ስያሜ፣ «ባለሞተር ብስክሌት»፣ በአሠራሩ ንጹሕ አማርኛ ነው። ችግሩ ያለው «ሞተር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ የውሰት ቃል በአማርኛ ሁለት ፍች አፍርቷል። አንደኛው መኪናን፣ ወፍጮን ወይም የውሃ መሳቢያን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለሁለት እግሩ ተሽከርካሪ ራሱ ነው። «ሞተር ገዛ»፣ «በሞተር መጣ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ሁለተኛውን ነው። ከዚህም በላይ «ሞተር ብስክሌት» የሚለው ስም በመንጃ ፈቃድና በትራፊክ ጽሑፎች ዘንድ ቤንዚን ለሚጠጣው ተሽከርካሪ ከተሰጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ«ሞተር ብስክሌት» እና በ«ባለሞተር ብስክሌት» መካከል ያለው ልዩነት የ«ባለ» ብቻ ነው። በመንገድ ዳር በተተከለ ሰሌዳ ላይ አልፎ ሂያጅ የሚያነበው ጽሑፍ በዚህች ልዩነት ላይ ሊቆም አይችልም።

ሦስተኛውን፣ «የኤሌክትሪክ ብስክሌት» የሚለውን፣ እኛ እንመርጣለን። የምንመርጠውም እንከን የለሽ ስለ ሆነ አይደለም፤ «ብስክሌት» ብሎ ስለሚጀምር ለአንደኛው ወገን ማድላቱ አይቀርም። ሆኖም ከሦስቱ ሁሉ ለፍች የሚታዘዘው እሱ ነው። ሕጎቹ ራሳቸው በአንድ ቃል የማይስማሙ በመሆናቸው ፍቹ ከስሙ በኋላ መምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ማሻሻያ፣ በእግር የሚረገጥ የሚሠራ ፔዳል ያለው፣ የሞተሩ አቅም ከ750 ዋት ያነሰ፣ 170 ፓውንድ የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት በደልዳላ ጥርጊያ ላይ በሞተሩ ብቻ ሲሄድ ፍጥነቱ ከ20 ማይል በሰዓት የማይደርሰውን ዕቃ ከብስክሌት ይቆጥረዋል። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ደንብ የኤሌክትሪክ ብስክሌትን ከ«ባለሞተር ተሽከርካሪ» ፍች ለይቶ አውጥቶታል። የደን አገልግሎት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የሥራ መመሪያ ይህንኑ ዕቃ ከባለሞተር ተሽከርካሪ ወገን መድቦታል። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ብስክሌት ከፓርክ ተነሥቶ አጎራባች ወደ ሆነ ብሔራዊ ደን ቢሻገር፣ ዕቃው ሳይለወጥ ሕጋዊ ማንነቱ ተለወጠ ማለት ነው። ተርጓሚው በፓርኩ ጽሑፍ «ብስክሌት»፣ በደኑ ጽሑፍ «ሞተር» እያለ ቢያፈራርቅ አንባቢው ስለ ሁለት ዕቃዎች የሚነገር ይመስለዋል። ስሙ አንድ ሆኖ መጽናት አለበት፤ ልዩነቱ በአንቀጹ ውስጥ ይነገር።

ስሙ አኃዝንም ሊሸከም አይገባም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያለ ልዩ የተሽከርካሪ ፈቃድ ከብስክሌት የሚቆጠረው አጋዥ ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማገዙን የሚያቆመው ነው፤ የእስራኤልም ወሰን በነዚሁ ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው። በአሌክሳንድሪያ ሕጋዊ የሆነው ባለ 750 ዋት በቴል አቪቭ ሕጋዊ አይደለም። አማርኛ ግን በሁለቱም ከተሞች ይነገራል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ቁጥሩን ከስሙ ፍች አውጥቶ በየአገሩ ሕግ ሥር ቢያስቀምጠው ይበጃል።

ለ. «ክፍል»፣ «ደረጃ»፣ «መደብ» ወይስ «ምድብ»?

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችን በሦስት ወገን ከፍላለች፤ በርካታ ግዛቶችና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም አከፋፈሉን ተቀብለውታል። አንደኛው ሞተሩ የሚያግዘው ነጂው ፔዳል ሲረግጥ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ 20 ማይል በሰዓት ሲደርስ ማገዙን ያቆማል። ሁለተኛው ፔዳል ሳይረገጥም ሞተሩ ብቻውን ሊያስኬደው የሚችል ሲሆን፣ እሱም በ20 ማይል ያቆማል። ሦስተኛው እንደ አንደኛው በመርገጥ የሚታገዝ ሆኖ ሞተሩ የሚያቆመው በ28 ማይል ነው።

የዚህን አከፋፈል ስም በአማርኛ «ደረጃ» ማለት እጅግ ያሳስታል። በኛ ቋንቋ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ «ደረጃ 3» የተባለ ዕቃ ከ«ደረጃ 1» የተሻለ፣ ፈቃዱም የሰፋ ይመስላል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ መሄጃዎች የሚከፈቱት ለአንደኛው ወገን ነው፣ ሦስተኛው በየቦታው የሚከለከል ነው። «ክፍል» ያልን እንደ ሆነ ቃሉ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ «ክፍል ሦስት» ሲባል የአዋጁን ሦስተኛ ክፍል የሚፈልግ አንባቢ ጥፋተኛ አይደለም። «መደብ» ደግሞ ከማኅበራዊ መደብ ጋር በጥብቅ ተቆራኝቷል። የቀረው «ምድብ» ነው፤ ማደላደልን እንጂ ማበላለጥን ስለማያመለክት ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዚህ ላይ ምንጩንም መውቀስ ይገባል። አከፋፈሉ በቁጥር መሰየሙ ለሕግ አውጪው አመቺ ቢሆንም፣ ለአንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። ሁለተኛው ምድብ ከሦስተኛው በፍጥነት ያንሳል፤ ነገር ግን ሳይረግጡ የሚሄዱበት እሱ ነው። ስለዚህ በአማርኛው ጽሑፍ ቁጥሩ ለብቻው እንዳይቆም፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ምድብ 1፣ በመርገጥ ብቻ የሚታገዝ» በሚል መልክ ጠባዩ አብሮት እንዲገለጽ እናሳስባለን።

ሐ. ሞተሩ የሚሠራውና የሚያቆመው

በትርጉም ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው። «በ20 ማይል ማገዙን ያቆማል» የሚለው አሳብ በችኮላ ሲተረጐም «ከፍተኛ ፍጥነቱ 20 ማይል ነው» ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ «ከ20 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም» ይሆናል። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሞተሩን ጠባይ ይገልጻል፤ ሁለተኛው የብስክሌቱን ችሎታ ይገልጻል፣ ይህም ስሕተት ነው፤ ቁልቁለት ያገኘ ብስክሌት ሞተሩ ጠፍቶም ከ20 ማይል ሊበልጥ ይችላልና። ሦስተኛው ነጂውን የሚያዝ የፍጥነት ወሰን ነው፤ ይህ ወሰን በየመሄጃው የተለያየ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ከ20 ማይል ያነሰ ነው። የተሳሳተውን ትርጉም ያነበበ ሰው እግረኛ በሚበዛበት መሄጃ ላይ 20 ማይል እንደ ተፈቀደለት ይገምታል። ለዚህ «ማገዝ የሚያቆምበት ፍጥነት» እና «የፍጥነት ወሰን» የሚሉትን ሁለት ሐረጎች ለይቶ መያዝና አለማቀላቀል ይበቃል።

የጉልበት መስጫውም ስም ያስቸግራል። በሞተርና በመኪና ላይ ይህን የሚሠራውን ክፍል «ነዳጅ መስጫ» እንለዋለን። ነዳጅ በሌለው ዕቃ ላይ «ነዳጅ መስጫ» ማለት ግን አንባቢን ግራ ያጋባል፤ ይባስ ብሎም ወደ ቤንዚኑ ተሽከርካሪ ይመልሰዋል። በቅርጹ እንዳንሰይመው አንዳንዱ በመዳፍ የሚጠመዘዝ፣ አንዳንዱ በአውራ ጣት የሚገፋ ነው። ስለሆነም በሥራው «ጉልበት መስጫ» ብንለው በሁለቱም ላይ ይሠራል። «ፔዳል» ግን በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ የውሰት ቃል ስለ ሆነ በሌላ ለመተካት መድከም አያስፈልግም።

«ነዳ» የሚለው ግሥ ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት። አማርኛ አህያንም፣ መኪናንም፣ ብስክሌትንም «ይነዳል»፤ ግሡ ጉልበቱ ከማን እንደ መጣ አይናገርም። የብሔራዊ ፓርኮች ደንብ ግን መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሕዝብ በባለሞተር ተሽከርካሪ እንዲጠቀምበት ካልተፈቀደ ስፍራ፣ ፔዳል ሳይረግጡ በሞተሩ ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ መሄድን ይከለክላል። ይህ «ሞተሩን ለረጅም ጊዜ መጠቀም ክልክል ነው» ተብሎ ቢተረጐም ፔዳል እየረገጠ የሚታገዘውን ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ያደርጋል። «ብቻ» ቦታው ቢዛነፍም ፍቹ ይዛነፋል፤ «በሞተሩ ብቻ መሄድ» ስለ ጉልበት የሚናገር ሲሆን፣ «በሞተሩ ለብቻ መሄድ» ያለ ባልንጀራ መሄድን የሚከለክል ይመስላል። በኛ አስተያየት የሚሻለው «ፔዳል ሳይረግጡ በሞተሩ ጉልበት ብቻ» የሚለው ነው፤ ሁለቱ አባባሎች አንዱ ሌላውን ይጠብቁታል።

መ. «መንገድ» እና ዘመዶቹ

እንግሊዝኛው ለአስፋልቱ ጎዳናና ለጫካው ቀጭን መተላለፊያ የተለያዩ ቃላት አሉት። «መንገድ» ግን ሁሉንም ያቅፋል። የአማርኛ ችግር የቃላት እጥረት ነው ብለን አናምንም፤ ጎዳና፣ ጥርጊያ፣ ዱካ፣ ፈለግ፣ አቋራጭ፣ ቀጭን መንገድ፣ ከጣሊያንኛ የመጣውም ፒስታ አሉን። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ያለው መሆኑ ነው። «ዱካ» አላፊው ጥሎት የሄደ ምልክት ነው፤ አዳኝ ይከተለዋል እንጂ መሥሪያ ቤት አያስተዳድረውም። «ፈለግ» በአብዛኛው ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር አልፏል። «ፒስታ» መኪና የሚያልፍበት፣ አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ነው፤ ሞተር በተከለከለበት ስፍራ ስም ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚያሠጋው «የእግረኛ መንገድ» የሚለው ነው። ይህ ሐረግ በከተሜው አነጋገር ከአስፋልቱ ዳርና ዳር ያለውን ከፍ ያለ መሄጃ ያመለክታል። «የኤሌክትሪክ ብስክሌት በእግረኛ መንገድ ላይ ይፈቀዳል» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው፣ ስለ ወንዝ ዳር መሄጃ የተሰጠውን ፈቃድ ወስዶ በሱቆች ደጃፍ፣ ሽማግሌና ሕፃን በሚሄድበት ስፍራ ይጠቀምበታል። ከሚፈቀደው ይልቅ የሚከለከለው የበዛ በመሆኑ፣ እዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ተራ የቃላት ምርጫ ስሕተት አይደለም።

እኛ የምናቀርበው «መሄጃ» የሚለውን ቃል እንደ ዋና ስም መያዝ ነው። «መሄጃ የለውም» በሚለው አነጋገር መድረሻን እንደሚያመለክት እናውቃለን፤ ቅጽል ሲጨመርለት ግን ብዥታው ይጠፋል። አስፋልት ወይም ጠጠር የለበሰውንና እግረኛም ብስክሌተኛም የሚጠቀምበትን «የጋራ መሄጃ»፣ በተፈጥሮ አፈር ላይ የተጠረገውን «ጥርጊያ መሄጃ»፣ ለእግር ብቻ የተተወውን «የእግር መሄጃ» ማለት ይቻላል። አከፋፈሉ ተርጓሚው ከመጻፉ በፊት ስለ መሄጃው ሁኔታ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

በዚሁ አርእስት ሥር ሁለት ወጥመዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰው ሠራሽ ነገር እንዳይገባባቸው የሚጠብቃቸው ሰፋፊ ስፍራዎች አሉ። ለነዚህ የመጽሐፍ ቅዱሱን «ምድረ በዳ» መጠቀም ይቀናል፤ ነገር ግን ምድረ በዳ ለኛ ደረቅና ጠፍ ምድር ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደን መካከል የቆመ ሰው ስለ ምድረ በዳ የተጻፈ ክልከላ እሱን እንደሚመለከት አይጠረጥርም። «ጥብቅ ዱር» ብንለው ይሻላል። ሁለተኛው፣ ሕጉ በነዚህ ስፍራዎች የሚከለክለው ባለሞተሩን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም መካኒካዊ መጓጓዣ ነው። «መካኒካዊ» የሚለውን «በሞተር የሚሠራ» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ ሞተር የሌለውን ተራ ብስክሌት እንኳ ወደማይገባበት ስፍራ አስገባው ማለት ነው።

ሠ. ማን ፈቀደ?

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ፈቃድ ነው። የብሔራዊ ፓርኮች ደንብ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በሁሉም መሄጃ ይግባ አይልም፤ ለብስክሌት ክፍት ከሆኑት መካከል የትኞቹ እንደሚፈቀዱ የሚወስነው የየፓርኩ የበላይ ኀላፊ ነው። እሱ ለይቶ ባልሰየመው ስፍራ የተከለከለ ነው። አማርኛ በ«ይችላል» ችሎታንም፣ ዕድልንም፣ ፈቃድንም ይገልጻል። በዚህ ላይ ባለቤቱ ሲጠፋ «ብስክሌት በሚሄድበት ሁሉ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊሄድ ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣል። ይህም ለኀላፊው የተሰጠውን ሥልጣን ለአላፊ አግዳሚው የተሰጠ መብት ያደርገዋል። ግሡ በተደራጊ መልክ እንዳይቀር፣ ባለቤቱም እንዳይታጣ፣ «የፓርኩ የበላይ ኀላፊ ለመፍቀድ ሥልጣን አለው፤ እሱ ባልፈቀደበት ስፍራ ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ይገባል። ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ሰው አያሳስትም።

ረ. ማጠቃለያ

የውሰት ቃላቱን እንዳሉ ማስገባት አይበቃምን የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «ኢ-ባይክ»፣ «ክላስ»፣ «ትሬይል» ቢባል፣ በዚያ አገር የሚኖረው አንባቢ ቃላቱን ከሰሌዳው ጋር አመሳክሮ ይለያቸዋል። ይህ ክርክር ኀይል አለው፤ በሰሌዳ ላይ የሚታየውን ስም በፊደላችን ጽፎ ከአማርኛው ጎን ማስቀመጥም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እንግሊዝኛውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን አይፈልገውም። ትርጉሙ የሚዘጋጀው ለማያውቀው ነው፤ ለሱ ደግሞ «ክላስ 2» ያልተፈታ ምልክት ነው።

ስለሆነም ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች እነዚህ ናቸው፤

የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ፔዳልና አጋዥ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ብስክሌት፤ የአቅሙ ወሰን በየአገሩ ሕግ የሚነገር።

ምድብ፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በሞተራቸው ጠባይ የሚለዩበት አከፋፈል።

ጉልበት መስጫ፦ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩን የሚያሠራ ክፍል።

ማገዝ የሚያቆምበት ፍጥነት፦ ሞተሩ ሥራውን የሚተውበት ፍጥነት፤ ከፍጥነት ወሰን የተለየ።

የጋራ መሄጃ፣ ጥርጊያ መሄጃ፣ የእግር መሄጃ፦ እንደ ንጣፉና እንደ ተጠቃሚው።

ጥብቅ ዱር፦ ማናቸውም መካኒካዊ መጓጓዣ እንዳይገባበት በሕግ የተጠበቀ ስፍራ።

ከነዚህ መካከል ክርክር የሚበዛበት «መሄጃ» እንደሚሆን እንገምታለን። በገጠሩ አማርኛ ለዚሁ የሚሆን፣ ከብትና ሰው አብረው ለሚያልፉበት የተጠረገ መንገድ የተሰጠ የተሻለ ስም የሚያውቁ አንባብያን ቢጽፉልን፣ የሚልኩልንን ቃል ከተነገረበት አካባቢ ስም ጋር መዝግበን ለቀጣዩ ውይይት እናቀርባለን።